ባለቤት ያጣው ስንዴ

ደሊል ከወሎ አዳማ ሲገባ ከምላሱ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። እሷኑ ይዞ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በአብዱልጀባር ሱቅ ደጃፍ ቆመና ጨርቅ እያወደሰ ገዢ ይጠራ ጀመር። በሚያዝያ ግን «ሞት እንጂ ውሃ አያስለቅቀውም» ብሎ የሸጠው ቀይ ሻሽ ድንገተኛ ዝናብ መታውና ቀለሙ በአንዲት ሙሽራ አንገት ላይ ወረደ። ሰርገኛው ሙሽራይቱ የታረደች መስሎት ተተራመሰ። አብዱልጀባር ደግ ሰው ስለሆነ ሳይመታው አባረረው።

በኅዳር በሽታ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሰብስበው የሚያሳድጉት ወይዘሮ ሸዋወርቅ አስጠሩት።

«ያንን ሻሽ የሸጠ አፍ ለሙት ልጆች እህል ማምጣት አያቅተውም» አሉት።

የጎተራው ወለል መታየት ጀምሯል። ክረምት ሳይገባ እህል ካልተገኘ ልጆቹ ሊበተኑ ነው።

ደሊል ደራ ገበያ ሄደ። በሱቅ ልማዱ ምርጡን ዕቃ ለማሳየት ብሎ ወፍራሙን ልጅ አቆመ። ገበያተኞቹ «ይሄማ ከእኔ ልጅ ይሻላል» እያሉ አለፉት። በሚቀጥለው ገበያ ሎሚ የምትባለውን ቀጭን ልጅ ይዞ ሄደ። አሁን ሰው ከበበው፣ ከንፈር ተመጠጠ። ኦቦ መርዳሳ የሚባሉ ገበሬ ግን ቀረብ ብለው በኦሮምኛ አናገሩት።

«ስማ ልጄ፣ እህሉን ወደ ልጅቷ ከምታመላልስ ልጅቷን ወደ እህሉ ለምን አትወስዳትም? ጉዲፈቻ አደርጋታለሁ። ላም አለ፣ እናትም አለች።»

«ኦቦ፣ እኔ የምለምነው እህል ነው!»

«እናት ካገኘች እህል ምን ይለመናል?»

ደሊል ጨርቅ ሲሸጥ ጨርቁን ላሳድገው ያለው ገዢ አልገጠመውም።

በሳምንቱ መርዳሳ ከሚስታቸው ከዲንቄ ጋር ስንዴ የጫኑ አህዮች እየነዱ አዳማ መጡ። ሎሚ ላሟ ጥጃ እንዳላት ጠየቀች፤ አላት ሲሏት የዲንቄን ቀሚስ ያዘች። ሸዋወርቅ አልቅሰው መረቋት። ቀና ሲሉ አህዮቹን አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ላሳደጉበት ምስጋና ነው ይላሉ» አለ ደሊል።

«ልጅ በስንዴ ለወጠች ልባል? መልሳቸው!»

መርዳሳም ይህ ሲነገራቸው ተቆጡ። «ከሰው ቤት ባዶ እጄን ልጅ ይዤ ልውጣ? ሌባ ነኝ እንዴ?»

ደሊል እስከ ረፋድ ድረስ ያንዱን ኩራት ወደ ኦሮምኛ፣ የሌላውን ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ቆየ። ስድቡን በማር እየለወሰ ቢያቀርብም የቀመሰለት የለም።

«እትዬ፣ ልጆቹ በክረምት ምን ይበላሉ?»

«ክብራቸውን!»

ስንት ቀን ይበቃል ሊል አሰበና ዋጠው።

መርዳሳ ስልቻዎቹን ከበሩ ውጭ መንገድ ላይ አራገፉ። «ለማንም አልሰጠሁም፤ ወድቆብኝ ነው» አሉና ሎሚን አህያ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ሰማዩ ጠቁሯል። «እንግዲህ የወደቀ ዕቃ ነው፣ እናስገባው» አለ ደሊል።

«የወደቀ ዕቃ ሳይለፈፍ አይነካም። ውጣና ልፈፍ!»

ደሊል ወጣ። ፊት ለፊቱ ላለው አጥር፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ ይመስል «ስንዴ የጠፋበት» አለ።

«ጮክ በል!» አሉ ሸዋወርቅ ከውስጥ። «ለሻሹ እንዲህ ነበር የምትጮኸው?»

ጮኸ። ለካ አዳማ ውስጥ ስንዴ ያልጠፋበት ሰው አልነበረም! የጣቢያው ዘበኛ መጣ፣ ጠጅ ሻጯ መጣች፣ ዕድሜውን በሙሉ ስንዴ ገዝቶ የማያውቅ ሰካራም መጣ።

«የእኔ ነው» አለ ዘበኛው። «ምልክቱም፣ ስልቻው ቆዳ ነው።»

«ስልቻ ሁሉ ቆዳ ነው!» አለ ደሊል ሊያለቅስ ደርሶ።

ዘበኛው ግን አንዱን ትከሻው ላይ አውጥቶ ነበር። ይህን ጊዜ ሸዋወርቅ ነጠላቸው እየተጎተተ ወጡ።

«አስቀምጥ፣ አንተ ውሸታም! የሎሚ አባት ለወንድሞቿ ያመጣው ነው!»

ሸዋወርቅ ቃላቸውን ሳያጥፉ ደሊል ቶሎ ብሎ ስልቻውን ከዘበኛው ትከሻ ተቀበለና ወደ ግቢው ሮጠ።