በሰቃ ማን ቀረ

እና ሞቷል ይለኛል፣ ሙዓዊያ፣ የገዛ ወንድሜ፣ ገበያው ሞቷል እኮ ፈውዚያ፣ ተነሺ በቃ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ኢሱዙ ይዤ እመጣለሁ፣ ክሩንም ገበሩንም ጭነን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር እናራግፈዋለን፣ ሰው ያለው እዚያ ነው፣ አለና ስልኩን ዘጋው። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

አሁን ግን ካርቶኑ ፊቴ ተከፍቶ አንድ ክር ማስገባት አቅቶኛል። የበሰቃን መንገድ አያለሁ። ሰፊ፣ ንጹህ፣ አዲስ መብራት፣ አዲስ አግዳሚ ወንበር፣ የሚቀመጥበት የለም እንጂ፣ እሁድ ዕለት ከቦሌ የመጡ ልጆች ፎቶ ሲነሱ፣ ዋው ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ሙዱ ይመቻል፣ ማዘር ትንሽ ፈቀቅ በይልን፣ ፈቀቅ አልኩላቸው፣ ከገዛ ሱቄ ደጃፍ! ጸጥታው ለእነሱ መዝናኛ ነው፣ ለእኔ የጎረቤት መጥፋት፣ ፀጉር አስተካካዩ ቀናው ሄደ፣ ሰቦቃ ብየዳ ቤቱን ዘጋ፣ ፋጡ ሳንቡሳዋን ይዛ ሳሪስ ገባች፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሰው አለቀ ብሎ ይሄዳል፣ አሁን ተራው የእኔ ነው። ያምራል የሚሉት ይምጡና ይዋሉበት።

አዛን።

ድሮ ለሶላት ስንሄድ በር አንቆልፍም ነበር። ጨርቅ የምለካበትን የእንጨት ሜትር በበሩ አጋድማለሁ፣ ያየ ሁሉ ሶላት ሄዳለች ይላል፣ ቀናው መቀሱን እንደያዘ አንገቱን ብቅ እያደረገ ይጠብቅልኛል፣ እሱ ሚካኤልን ሊሳለም ሲሄድ ደግሞ ጠባቂው እኔ ነኝ። እሱ ከሄደ ወዲህ እቆልፋለሁ፣ የተቆለፈ በር ያየ ደግሞ ይመለሳል፣ እንዴ፣ ገበያውን የገደልኩት እኔው ነኝ እንዴ፣ ኧረ ወዲያ! ዛሬ አልቆልፍም። ሌባ ካለ ይምጣ፣ ሌባም ሰው ነው። ሜትሩን አጋድሜ እሄዳለሁ። በግንባሬ ተደፍቼ ሱጁድ ላይ ሆኜ ልቤ ሱቅ ውስጥ ነው፣ አስተግፊሩላህ።

ስመለስ ደረጃዬ ላይ ሴት ተቀምጣለች። የቢሮ ሰው ትመስላለች፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ሜትሩን አልነካችውም። ሶላት ላይ ነሽ ብዬ ነው የጠበቅኩሽ፣ አንድ ሰውዬ ሊገባ ሲል የለችም ቆይተህ ና አልኩት፣ ትላለች፣ የሺሐረግ እባላለሁ፣ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እመጣ ነበር፣ አሁን ኮዬ ፈጬ ነኝ። ኮዬ? እዚያ ሰው ሞልቶ የለም እንዴ? ሰውማ ሞልቷል፣ ማታ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል እንጂ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት ስሙን አላውቀውም፣ ብላ ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም። ሙዓዊያ ይህን አልነገረኝም።

ለኮቷ ቡኒ ገበር ነው የምትፈልገው፣ ያለኝን ቡኒ ሁሉ ዘረጋሁላት፣ ጠቆር ያለውን፣ ፈዘዝ ያለውን፣ ድንገት ግንባሯን መታች፣ ወይኔ፣ ለናሙና የቆረጥኩትን ቁራጭ ቤት ረሳሁት፣ በግምት ብወስድ አይገጥምም፣ ነገ ይዤው ልምጣ፣ ነገ ትኖሪያለሽ?

እኖራለሁ።

አልኳት። ማንን አማክሬ ነው፣ ማንንም፣ አፌ ቀደመኝ፣ ልቤ ግን አልደነገጠም፣ እንዲያውም ከስንት ጊዜ በኋላ ረጋ አለልኝ፣ ሴትዮዋ ሁለት ታክሲ ይዛ ልትመጣ ነው፣ ሁለት ታክሲ፣ ለአንድ ኮት፣ መጥታ የተዘጋ በር ልታይ? ወላሂ አይሆንም።

ኢሱዙው የኋላ ማርሽ አስገብቶ ወደ በሬ እየተጠጋ ነው፣ ሙዓዊያ ከጋቢና ወርዶ እጁን ያወናጭፋል፣ ምን ነካሽ፣ እስካሁን ምንም አላሸግሽም እንዴ፣ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ እኔ ሱቅ አግኝቼልሽ አንቺ፣ ይናደድ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ነገ ይበርድለታል፣ ባይበርድለትም ይልመደው። ካርቶኑን በእግሬ ገፋ አድርጌ በሩ መሃል እቆማለሁ።

መኪናውን መልስ ሙዓዊያዬ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ።