የከሸፈው ርችት

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ "ተው" የተባለውን ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም። ታክሲ ነጂ ነው። ለልጁ ምርቃት አንድ ካርቶን ርችት ገዝቶ መጣና፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንግዶቹን የሚኖርበት ሕንፃ ጣራ ላይ ይዟቸው ወጣ።

"መከላከያ መነጽር አድርግ" አለችው።

"እታለም፣ ርችት ልለኩስ እንጂ ልዘምት ነው እንዴ?" ብሎ እንግዶቹን አሳቀባት።

ሦስቱ አምረው ተተኮሱ። አራተኛው ትንሽ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ወንድሟ ጥቂት ጠበቀና ምን እንደነካው ሊያይ ጎንበስ አለ። "ተወው፣ ውሃ ይደፋበት" እያለችው ፈነዳ።

ቀኝ ዓይኑን ይዞ ቁጢጥ አለ። ያኔ ጣራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ወተት ይንጠብበት አለች፤ ሌላው ይታጠብ አለ፤ ዘበኛው ቅባት ሊያመጣ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ግን የወንድሟን ሁለት እጆች ጨብጣ ያዘች። ከዓመታት በፊት የስፌት መኪናዋ መርፌ ተሰብሮ ዓይኗን ወግቷት ነበርና፣ ያኔ የተነገራትን አልረሳችም።

"ማንም እንዳይነካው። አንተም እንዳታሸው።"

"ያቃጥለኛል እኮ፣ እታለም።"

"ያቃጥልህ። ካሸኸው የተረፈውንም ታጠፋዋለህ።"

የወረቀት ኩባያ መሃሉ ላይ ቆረጠችና፣ ታችኛውን ግማሽ ዓይኑን ሳይነካ ዙሪያው ባለው አጥንት ላይ ደፍታ በፕላስተር አጣበቀችው። ተመራቂዋ ካባዋን እንደለበሰች የአባቷን ታክሲ አስነሳች። በደህናው ቀን መሪውን የማያስነካው ሰው ከኋላ ወንበር ገባ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ኩባያውን አንስታ ዓይኑን በመሣሪያ አየችው። "ማን ነው እንዲህ የሸፈነው? ታሽቶ ወይም ተጭነውት ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁ ሌላ ነበር" አለች። ተመራቂዋ ወደ አክስቷ ጠቆመች።

ቁስሉ በዚያው ዕለት ተሰፋ። ወንድሟ ሲነቃ የመጀመሪያ ወሬው "ካንቺ ክር የቀጠነ ክር አላቸው" የሚል ነበር። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ዳነ፤ ብቻ የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣበት ይበተንበታል። ስለዚህ ሲመሽ መንዳት ተወ።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መጥቶ "የተረፈችህን ርችት ለልጄ ሠርግ ስጠኝ" አለው። ካርቶኑን አወጣና፣ ሰውዬው እያየው አንድ በአንድ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነከራቸው።

"ምነው ወንድሜ፣ ከፋህብኝ?"

"ዓይንህን ስለምወደው ነው። ባለሙያዎች ሜዳ ላይ ሲተኩሱ ሄዳችሁ ከሩቅ እዩ። ለሠርጉ ሙሽሮቹን እኔ በታክሲዬ አመላልሳለሁ፣ በነጻ።"

ጎረቤቱ የራሰውን ርችት ትንሽ አየና የሠርጉን ሰዓት ነግሮት ሄደ።