ባሕር ላይ ቅቤ

የበደለኝ ታዴዎስ ነው፣ እናቱ አይደሉም፣ እሳቸው ቅቤ ብቻ ነው የጨመሩት፣ ቅቤ ደግሞ በሶፍት ይለቀማል፣ ይኸው በርጩማ ላይ ቆሜ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ እየለቀምኩ ነው፣ ሶፍቱን የመስታወት ገንዳው ውሃ ፊት ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ቅቤው ይጣበቅበታል፣ አነሣዋለሁ፣ ወደ ባልዲ፣ ሌላ ሶፍት፣ እንደገና። ባል ቢሆን በምን ይለቀማል።

አጠፋሁ እንዴ ልጄ፣ ይላሉ አማቴ ከኋላዬ፣ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ላስቲኩ ያልተገፈፈለት ሶፋ፣ ንቅንቅ ባሉ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ምንም አላጠፉም እማማ፣ እላለሁ፣ ድምፄ ማር ነው፣ ሆዴ ግን፣ ተዪው ውቢት፣ አሮጊት ናቸው፣ ዛሬ ጠዋት ከሆመቾ በሚኒባስ ተጋፍተው የመጡ አሮጊት፣ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው።

የመስቀል ቅቤ። ከሰፈራቸው ሴቶች ጋር እንደ ዕቁብ ቅቤ ይጥላሉ፣ በየተራ ይወስዳሉ፣ የደረሳቸውን አልበሉትም፣ አልሸጡትም፣ ልጄ ሲገባ አናቱ ላይ የማደርግለት ነው ብለው አስቀመጡት፣ ባለፈው መስቀልም እንዲሁ ብለው ነበር፣ ቅቤው ሸተተ፣ የራሳቸውን ጸጉር ተቀቡት፣ ከዚያ በፊት በነበረውም።

ታዴዎስ ሳውዝ ነው፣ ደርባን፣ ሱቅ አለው። ከሆሳዕና ሳውዝ ያልሄደ ማን አለ፣ ሰው ይሄዳል፣ ቤት ይመጣል፣ ብሎኬቱ ይደረደራል፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ በየፎቁ አንዲት ሴት ቁልፍ ይዛ ትዞራለች፣ ይህንን ክፍል ትከፍታለች፣ ታናፍሳለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። አንዷ እኔ ነኝ። ቤቱን ጨረሰ፣ ሶፋውን ላከ፣ የሚልከው ሲያጣ ባሕር ላከ። እንዲህ ነው ያለው፣ ውቢትዬ እኔ የማየውን አንቺም እንድታዪ፣ ሳሎናችን ውስጥ ባሕር አደርግልሻለሁ፣ ዓሳውን ራሴ በእጄ ይዤ ነው የምመጣው፣ በፕላስቲክ፣ ኦክስጅን ተሞልቶ፣ አንቺ ብቻ ዓሳ እንዲኖርበት ውሃውን አድርሺ፣ ውሃው በደረሰ ማግስት አውሮፕላን ላይ ነኝ።

አመንኩት። አምነሽ ነው ወይስ ሥራ አጥተሽ። ሁለቱም።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ባሕር ትሠራለች ወይ፣ ትሠራለች፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ፣ መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለ ጨው ውሃ ዓሳ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ የዓሳው መስታወት ገንዳ ሲመጣ አራት ወንዶች ተሸክመውት ገቡ፣ የጀናዛ ሳጥን ነው የሚመስለው አለች ነጂባ፣ ጎረቤቴ፣ ባለሱቋ፣ ምላሷ ከኔ ባይብስ ጓደኛዬ አትሆንም ነበር፣ የጨዉን ከረጢት ስታይማ፣ አንቺ ይህ ሁሉ ጨው፣ ታዴዎስን ቋንጣ ልታደርጊው ነው፣ አዎ፣ እጄ ይግባልኝ ብቻ፣ አልኳት፣ ሳቅን፣ እሷ ወደ ሱቋ፣ ወደ ልጆቿ፣ እኔ ወደ ባልዲዬ።

የቧንቧው ውሃ አይሆንም፣ በማጣሪያ ጠብ፣ ጠብ፣ ባልዲ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ ጨዉም የወጥ ጨው አይደለም፣ ተመዝኖ ነው፣ አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ ድንጋዩን እንደ ዋሻ አድርጊው አለኝ በስልክ፣ ዓሳ መደበቂያ ይፈልጋል፣ መደበቂያ የሚፈልግ ማን እንደሆነ መች ገባኝ፣ ከዚያ ማሞቂያው፣ የሆሳዕና ብርድ ለባሕር ዓሳ አይሆንም፣ ውሃው ማሞቂያ አለው እኔ ሁለት ብርድ ልብስ አለኝ።

ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ቅቤ አልለቀም እንቢ አለች፣ ቅቤው ማሞቂያው አጠገብ ቀልጧል፣ ዘይት ሆኗል፣ ዘይት ውሃውን ይሸፍነዋል፣ አየር ይከለክለዋል፣ አረፋ የሚያወጣው ማሽንም አረፋውን ተወ፣ ዝም፣ ሌላ ሶፍት።

ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ደርሷል ማለት አይደለም፣ ይህን ነው የተማርኩት፣ መስታወት የመሰለ ውሃ መርዝ ይኖርበታል፣ አሞኒያ፣ ድንጋዩ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት እስኪባዙና መርዙን እስኪበሉት ይጠበቃል፣ እነሱ እንዲባዙ ደግሞ መርዙን ራስሽ ትጨምሪላቸዋለሽ፣ ይበላሉ፣ ትጨምሪያለሽ፣ በብልቃጥ ቀድተሽ የመመርመሪያ ጠብታ ጣል ታደርጊበታለሽ፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዙ አለ፣ ቢጫ ከሆነ ጠፍቷል፣ ስንት ሳምንት አረንጓዴ፣ ውሃው ደረሰ ወይ ይላል ታዴዎስ፣ ገና ነው እላለሁ፣ አይዞሽ ታገሺ ይላል፣ ታገሺ፣ እኔን ታገሺ ይለኛል። የወረዳው ታጋሽ እኔ።

አመሻሽ ላይ የውሃው መብራት ሳይበራ የሳሎኑን አምፖል ካበራሁ መስታወቱ ውሃ መሆኑን ይተዋል፣ የፊት መስተዋት ይሆናል፣ ሶፋው ይታያል፣ ሶፋው ላይ አንዲት ሴት ትታያለች፣ ሻርፕ የለበሰች፣ እጇን ጭኗ ላይ ያደረገች፣ መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ መስላኝ ደነገጥኩ። ኋላ ለመድኳት። ደኅና አመሸሽ እላታለሁ።

እና ያለፈው እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ስልክ፣ ውቢት የኔን ላሳይሽ፣ የደረሰ ውሃ ምን እንደሚመስል እዪ፣ ስልኩን አዞረው፣ የሱ ባሕር፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን ዓሳዎች፣ ጣት የመሰሉ ኮራሎች ይወዛወዛሉ፣ አየሽ አይደል፣ አሁን ደግሞ መብራቱን ሳጠፋባቸው እንዴት እንደሚገቡ እዪ፣ ቀጭ አደረገው፣ ዓሳዎቹ ጠፉ፣ መስታወቱ የፊት መስተዋት ሆነ። ሶፋ። ሶፋው ላይ ሴት፣ እግሯን አጥፋ፣ ጭኗ ላይ ሕፃን፣ በማንኪያ እያጎረሰችው፣ ሕፃኑ ፊቱን አዞረ፣ የታዴዎስ ግንባር፣ ያ ሰፊ ግንባር፣ እናቱ ቅቤ ያስቀመጡለት ግንባር። አየሽው፣ አለኝ። አየሁት፣ አልኩት። ጥርት ያለ ነው፣ አልኩት።

እሱ አላወቀም። መስታወት ፊት ቁጭ ብሎ ያላመሸ ሰው አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዝም። ለነጂባ ዝም፣ ለጸሎት ሴቶች ዝም፣ አልወለደችም የምባለው እኔ፣ መካን የምባለው እኔ፣ በዋትስአፕ የወለደች ሴት ካለች አምጡልኝና ልማር፣ ለአማቴም ዝም፣ እሳቸው ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም፣ ጌታ በጊዜው ይሰጣል ብቻ ይላሉ፣ ሆዴን ሳያዩ፣ ማየት እየፈለጉ።

ዛሬ ጠዋት ቢጫ ሆነ። ቢጫ! ብልቃጡን ወደ መስኮት አነሣሁት፣ የወጣለት ቢጫ፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ ሆሳዕና ላይ፣ በገዛ እጄ ባሕር፣ ደስ አለኝ፣ ማንን ልጥራ፣ ብልቃጡን ላጥብ ኩሽና ገባሁ፣ ስመለስ እማማ በርጩማው ላይ ወጥተው፣ ጸሎት ላይ ናቸው፣ በሀዲይኛ፣ በኢየሱስ ስም ልጄን ልቀቀው፣ ድረስ፣ ባዶ አትሁን፣ ውለድ፣ እያሉ ውሃውን፣ ኮባው ተፈትቶ፣ ቅቤውን በሙሉ፣ በሁለት እጃቸው ባሕሩ አናት ላይ።

እማማ ምን ነካዎት! ምን ላድርግ ልጄ፣ ሁሌ ውሃው ሲደርስ ውሃው ሲደርስ ይላል፣ ልጄን የያዘብኝ ይኼ ውሃ ነው፣ ብቀባው ይቸኩል ይሆናል ብዬ ነው፣ አሉኝ። ለልጃቸው አናት ያስቀመጡትን ለውሃ ሰጡ። እኔስ ምን ሰጠሁ፣ ተመሳሳይ ነው፣ ቅቤ አልነበረም እንጂ።

ስልክ። እሱ ነው። እማማ ከሶፋው ተነሡ፣ ላስቲኩ ተንጫጫ፣ መጡ፣ ስልኩን የአሸዋው ከረጢት ላይ አስደግፌ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እንዲሰሙት፣ ታዴዎስ ስክሪኑ ላይ፣ ተላጭቷል፣ ወፍሯል፣ እማማ እንዴት ነሽ፣ ውቢት ምን ሆነሽ ነው ደሞ በሶፍት፣ ቅቤ ነው እለዋለሁ፣ እናትህ ውሃውን ቀቡት፣ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ደርሶ ነበር።

ይስቃል። ይስቅና፣ እዚህ ጋ ድምፁን አዳምጪ ውቢት፣ ይቀለዋል፣ ሸክም ያወረደ ሰው ድምፅ ነው፣ አይ እማማ፣ በቃ ተበላሽቷላ፣ ቅቤማ አይለቅም፣ ድፊውና እንደ አዲስ ጀምሪ፣ ለዘንድሮ መስቀል አልደርስም ማለት ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል፣ ለሚመጣው፣ ታገሺ እሺ፣ ቸኩሎ ይለዋል፣ ለሚመጣው፣ ስንት ቅቤ ይሸታል፣ ስንት ባሕር እደፋለሁ።

ደግሞም ይለቃል። እየለቀቀ ነው፣ ባልዲው ውስጥ ያለውን እያየሁት።

እማማ ለሚመጣው የሚለውን ሰምተዋል፣ ጣታቸው ላይ የቀረችውን ቅቤ አዩ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ግንባሩ ያለበት ቦታ ላይ፣ ቀቡት። ታዴዎስ ቅቤው ስር ሆኖ ይስቃል፣ አይታየኝም እማማ፣ ካሜራውን ሸፈንሽው፣ ይላል። ከኋላው ድምፅ አለ፣ ትንሽ ድምፅ፣ ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ፣ እማማ ጆሮአቸውን አዘነበሉ።

ከበርጩማው እወርዳለሁ። እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ጨው ነው፣ ቅቤ ነው፣ ስልኩን አነሣለሁ፣ ቅቤውን በአውራ ጣቴ ከፊቱ ላይ እጠርግለታለሁ፣ ደኅና አድርጎ እንዲያየኝ፣ ውቢት ሰማሽኝ አይደል፣ ይላል፣ ድፊው፣ ይላል፣ እኔም እለዋለሁ፣

ውሃውን አልደፋም፣ ደኅና ነው። ልጅህን ሳምልኝ። ስሙን ለእናትህ ንገራቸው፣ አጠገቤ ቆመው እየሰሙህ ነው።