የኮቱ ክብደት

እናትየው ኮቱን ከወንበሩ ላይ ልታነሳ ስትል ከበዳት። ልጇ ልብስ ሰፊ ነው፤ አርባን የተሻገረ ጎልማሳ። ለጉሮሮ ካንሰር የታዘዘለትን ጨረር ከጨረሰ ሦስት ወር ቢሞላውም ምግብ አሁንም አልወርድ ብሎታል። አንዲት ኩባያ ሾርባ ለመጨረስ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ፣ አንዱን ጉንጭ ሁለቴ እየዋጠ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ትን ባለው ቁጥር የእሷም ነፍስ ወጥታ ትመለሳለች።

የሆስፒታሉ ነርስ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ ዛሬ ሲመዘን ከአርባ ስምንት ኪሎ በታች ከሆነ ሆዱ ላይ የምግብ ቱቦ ይገባለታል። እሱ ደግሞ ቱቦ ሲባል ፊቱ ይጠቁራል።

የኮቱን ጠርዝ ዳበሰች። መጋረጃን ነፋስ እንዳያነሳው ጠርዙ ላይ የሚሰፉት ትንንሽ ብረቶች፣ በገበሩ ውስጥ ዙሪያውን ተደርድረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለብርድ ነው፣ እማ።"

"ብርዱ በሚዛን ነው እንዴ የሚመጣው?"

"ሁለት ኪሎ ብትሆን ነው። አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ።"

"ስወልድህ ራቁትህን ተመዝነህ አላፈርክም፤ ዛሬ ምን ነካህ?"

"ያኔ ማን በቱቦ አስፈራራኝ?"

በሐሳቧ ስንቴ ቀብራው ተመልሳለች። ቢሆንም እሱ እየከሳ ኮቱ ሲወፍር ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም። መቀሱን አነሳች።

"ቀስ ብለሽ ፍቺው፤ ገበሩን እንዳትቀጂው።"

"ለጨርቁ ሲያዝን፣ ለሥጋው ግን ግድ የለውም" አለች እየተረተረች።

ሆስፒታል ደርሰው ሲመዘን ሚዛኑ አርባ ስድስት ተኩል አለ። ልብስ ሰፊው ወለል ወለሉን ያይ ጀመር። ነርሷ ቱቦው መዋጥን እንደማያስቀር፣ ልምምዱ እንደሚቀጥል፣ ኪሎው ሲመለስና በአፉ መብላት ሲበቃው እንደሚወጣለት አስረዳችው። እናትየው፣ ክፉ ወሬ ከአፏ የማይጠፋው፣ ኮቱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች።

"በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለ በመጨረሻ።

ነርሷ ከግራ ጎድኑ በታች ያለውን ቦታ አሳየችው። በስንዝሩ ለካ።

"እሺ። በሸሚዞቼ ላይ በውስጥ በኩል ኪስ እሰፋለታለሁ፤ ተንጠልጥሎ እንዲታይ አልፈልግም።"

"ሰፋ አድርገህ ቁረጠው" አለች እናቱ። "ሆድ ታወጣለህ።"

ቀና ብሎ አያት። "አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?"

"ምን ላድርግ፤ ክፉ ክፉውን አስቤ ጨረስኩት።"