ሰባት ቤት በምራቅ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዘር ግን እቆጥራለሁ። አባቴ ሰባት ቤቱን ሳልሳሳት እስክጠራ ድረስ እራት አይሰጠኝም ነበር። እንግዲህ የልጅ ልጄን ልዩን ሊያገባ ያሰበው ያፌት፣ እዚህ ባሕር ማዶ ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታችን መጥቶ "የጥዑመልሳን ቤተሰብ ከየት እንደመጣ እያጠናሁ ነው" ሲለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"ጥዑመልሳን ማነው?"

"ላስት ኔማችን ነዋ፣ እማማ።"

"አያትህ ነው። የሱ አባት ሌላ ስም አለው፣ የዚያም አባት ሌላ። የጥዑመልሳን ቤተሰብ ማለት አንተና አባትህ ናችሁ፤ በቃ።"

መች ሰምቶኝ። ዘር በምራቅ ለሚመረምር ድርጅት ምራቁን በብልቃጥ ላከ። ያንን ስም የያዘ ሁሉ ዘመዱ መስሎት ማኪኒ የሚባል ከተማ ድረስ ሄዶ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ተቃቅፎ ፎቶ ተነሳ። ምራቁ ግን ሾፌሩን አላውቀውም አለ። ልዩም አብራው ልካ ኖሯል። ለሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው የሁለቱም ውጤት መጣ፤ እርስ በርሳቸው ተዛምደው ቁጭ።

"ዲስታንት ከዝን፣ የሩቅ ዘመድ ነው የሚለው" አለ ያፌት፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አድርጎ። "በልዩ እናት በኩል። ማለቴ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ጄኔሬሽን።"

የልዩ እናት የኔ ልጅ ናት።

"አምስት ነው ስምንት?"

"ሬንጅ ነው፣ እማማ።"

"በሬንጅ አይቆረብም።"

በኛ ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። ስምንተኛው ላይ ከሆነ ይሁን። መኪና ያለ ሾፌር የሚነዱ ሰዎች አንድ ቤት ለይቶ መናገር እንዴት ያቅታቸዋል? ተናደድኩና ለንስሐ አባታችን ራሴ ደወልኩ። "አባ፣ አያስቡ። ቆጥሬ የማሳውቅዎ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የያፌት እናት እናትነሽ ከሌዊስቪል መጣች። ቁጠሪ አልኳት። የራሷንም የባሏንም ወገን ሦስት ሦስት ጠርታ ቆመች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወዲያ አላውቅም፣ እማማ የሺሃረግ።"

"የምትሠሪበትን መጋዘን መደርደሪያ ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ ስትዪ አልነበር?"

"እሱን ካላወቅሁ ያባርሩኛላ።"

ልዩ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የአባቴን ወገን ጀመርኩ፤ ሰባቱንም ከነልጆቻቸው፣ ማን የት እንዳገባ ሳይቀር ወረድኩት። የሟች ባሌንም እንደዚያው። እናትነሽ የጠራቻቸው ሰዎች መሀላቸው የሉም። የልዩ ፊት ፈካ።

"በእናትዎስ በኩል?" አለች እናትነሽ፣ ዝግ ብላ።

"እናቴ ዓለምሸት ናት" ብዬ የእናቴን አባት ወገን ጠራሁ። እሱም ንጹሕ ነው። የእናቴ እናት ጋ ስደርስ አፌ ተያዘ። እናቴ እቴቴ ነበር የምትላት። መንደሩም እቴቴ ነበር የሚላት። አባቴ ወንዶቹን ሲያስጠናኝ የሴቶቹን ስም አንድም ቀን አላነሳልኝም፤ እኔም ሰማንያ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም። የሷን ስም እንኳ ሳላውቅ የወለዷትን ከየት ላምጣ?

ይኼኔ አባ ደወሉ። ያፌት የስልኬን ድምፅ ለቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እንዴት ሆነ እማማ፣ ቆጠሩ?"

ልዩ በሁለት እጇ እየለመነች በአንገቷ አዎ በይ ትለኛለች። አንድ ቃል ነው። አባም የሚፈልጉት ያንኑ ቃል ነው።

"በእናቴ እናት በኩል አላውቅም፣ አባ።"

አባም፣ "እንግዲያው እስኪታወቅ እንቆይ" አሉ።

"አዎ ማለት ያቅትሻል?" አለችኝ ልዩ።

"አላውቅማ።"

"ሌላው ሁሉ አያውቅም እኮ!"

"ሌላው አውቃለሁ ብሎ አልደወለም።"

ቁልፏን አንስታ ወጣች፤ ያፌትም ተከተላት። እናትነሽን የደሴውን ቁጥር አውጪልኝ አልኳት። እዚያ አንዲት የእናቴ እህት ልጅ ቀርታለች፤ ከኔም ትበልጣለች። የእቴቴን እውነተኛ ስም ጠየቅኳት፤ ሦስት ጊዜ ጮኼ።

"ምን ያደርግልሻል? ሞታለች እኮ" አለችና ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ። አታነሳም።