የኋላ መቀመጫ ልክ

ወንበር ሰፊው በቅናት ሲንገበገብ የከረመው በሰው መልክ ወይም በሰው ሀብት አይደለም፤ በገዛ እጁ የሰፋው መቀመጫ ላይ ሌላ ወንድ ተቀምጦ ስላየ ነው።

መቀመጫው የሚስቱ ሞተር ሳይክል የኋላ መቀመጫ ነው። ሚስትየው መንዳት አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ከማያውቁ ሰዎች ጎን ተቀምጣ ነፍሷን በእጇ ይዛ ትውላለች። ለራሷ ያላት ደስታ ያቺ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ግራና ቀኝ ሻንጣ የተሸከመች ትልቅ ሞተር ሳይክል ብቻ ናት። ባልየው ደግሞ የመኪና ወንበር ይሰፋል። ስፖንጁን ራሱ ቆርጦ፣ ቆዳውን ራሱ መርጦ፣ የኋላ መቀመጫውን በራሱ ወገብ ልክ ሠርቶት ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን በዚያች ሞተር ሳይክል ተራራውን ተሻግረን ባህሩ ድረስ እንሄዳለን ይባባሉ ነበር።

ነገር የተበላሸው ሚስትየው ሞተር ሳይክሏን ማሳመር የጀመረች ጊዜ ነው። ድምጿ ወፍራም ይሁን ብላ የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ በሰፊ ቀየረች። አላስችል ብሏት የአየር ማጣሪያዋንም ቀየረች። ከዚያ ወዲህ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አነሰና፣ ሞተር ሳይክሏ ዳገት ባየች ቁጥር ማሳልና እንደ ምድጃ መጋል አመጣች። አንድ እሁድ ባልየው ከኋላ ተፈናጦ ሲሄድ የጋለው ብረት ባቱን ለበለበው። ዘሎ ወረደና እያነከሰ፣ "ሁለተኛ እዚህች ላይ ብወጣ ሰው አትበሉኝ!" ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

በማግሥቱ ንዴቱ በርዶለት ነበር፤ ኩራቱ ግን አልበረደም። "ና ውጣ" እስክትለው ጠበቀ። አላለችውም። አንድ ማታ ሰሃን እያጠበች፣ "የነዳጅ መመጠኛ ልገዛላት ነው" አለች።

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"ትንሽ ሳጥን ናት። ነዳጁን ከአየሩ ጋር ታስማማዋለች። ከዚያ ወዲያ ማሳልም መጋልም የለም።"

የትኛዋ ሳጥን እንደምትሻል ለመጠየቅ ነው እንግዲህ ወደ ባለ ላፕቶፑ የሄዱት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ወንበር ሰፊው ነው፤ ሰውዬው ጋራዥ ውስጥ የሚውለው መፍቻ ሳይሆን ላፕቶፕ ታቅፎ ነውና። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ መልካም ወጣት ነው። ባልየውን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" አለ። ወደ ሚስትየው ዞሮ ግን፣ "አንቺ ደግሞ የት ጠፍተሽ ነው?" አላት። ባልና ሚስቱ በዕድሜ ያን ያህል አይራራቁም። ወንበር ሰፊው ያንን "ጋሼ" ይዞ ቤቱ ገባ፤ እራቱም አልዋጥ አለው።

ከዚያ በፊት ግን እዚያው ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳጥኖች ተደርድረው ቀርበውላቸው ነበር። "ይቺ ዝግጁ ናት" አለ ባለ ላፕቶፑ። "የነዳጅ ልኳ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ ነው የመጣው፤ ሰክተሽ መሄድ ነው። ይቺኛዋ ባዶ ናት። ልኳን መንገድ ላይ ነው የምንሞላው። አንቺ ትነጃለሽ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ላፕቶፑ ላይ እያየሁ ነዳጁን እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ።"

"ከኋላ ማን?" አለ ወንበር ሰፊው።

"እኔ ነኛ፣ ጋሼ።"

ስለ ነዳጅ መመጠኛ ምንም የማያውቀው ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሊቅ ሆነ። ስልኩ ላይ ያላየው ቪዲዮ የለም። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ በሩን ሲዘጋ፣ ጫማውን ሲያስር ወሬው ሁሉ ዝግጁዋ ሳጥን ሆነች። "ሰክተሽ መሄድ ነው! የፋብሪካ ሰው ያላወቀውን ያ ልጅ ሊያውቅ ነው? ደግሞ ዋስትና አላት!" ስለ ዋስትናው እንኳ የሰማው ነገር የለም፤ ከአፉ ነው የወጣው።

"ዝግጁዋ የምትይዘው አንድ ልክ ብቻ ነው" አለች ሚስቱ። "ባዶዋ ሁለት ትይዛለች።"

"አንዲት ሞተር ሳይክል ስንት ልክ ያስፈልጋታል?"

ረዘም አድርጋ አየችው። "ባዶዋን ነው የምገዛው" አለች፤ ገዛችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላትም አይስጥ። የወንበር ሰፊው ሱቅ በር በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ዳገቱ የሚወጣ ሁሉ በፊቱ ነው የሚያልፈው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ ሚስቱ በዚያ ታልፋለች፤ ከኋላዋ ባለ ላፕቶፑ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጉልበቱ ወገቧን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በሄልሜት ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል ግራ ትከሻዋን መታ ሲያደርጋት ቀስ ትላለች፤ ቀኙን ሲነካት ትፈጥናለች። ወንበር ሰፊው መቀስ በእጁ እንደያዘ ደጁ ላይ ይቆማል። ከገዛ ሚስቱ ጋር እንዲህ ሳይነጋገሩ ከተግባቡ ስንት ጊዜው ነው? ማታ ስትመጣ ፊቷ በንፋስ ቀልቶ፣ ሳቅ ሳቅ እያላት ትገባለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ባህሩ ድረስ የምትሄደው ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቅ ፈለገ፤ መልሱን ግን ፈራ።

አንድ ቀን ባለ ላፕቶፑ መቀመጫውን ፈትቶ በብብቱ ይዞ ሱቁ መጣ። "ጋሼ፣ እግሬ ረዝሞ አስቸገረኝ። ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ?"

"ምን ችግር አለው፣ የኔ ልጅ" አለ ወንበር ሰፊው። ድምፁ ማር ነበር።

ልጁ እንደወጣ በሩን ዘጋ። ቆዳውን ገፈፈ፤ ለስላሳውን ስፖንጅ ከላይ ላጠው። ከወለሉ ላይ የቆዳ ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ እንደ ገመድ ጠቅልሎና አጥብቆ አስሮ፣ መቀመጫው መሃል ላይ ከዳር እስከ ዳር አጋደመው። ከላይ ቆዳውን መልሶ ሰፋ። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነበር፤ ቅናትም ቢሆን እጁን ሥራ አላስረሳውም።

በማግሥቱ ሄደው ሲመለሱ ባለ ላፕቶፑ ከሞተር ሳይክሏ እንደ ሽማግሌ ነው የወረደው። ወንበር ሰፊው ያን ማታ በፉጨት ሱቁን ዘጋ፤ ራቱንም ደግሞ በላ።

ደስታው የቆየው እስከሚቀጥለው ጠዋት ነው። ሚስቱ ሞተር ሳይክሏን ደጁ ላይ አቆመች፤ አላጠፋቻትም። በአንድ እጇ ሄልሜት፣ በሌላው ላፕቶፑን ይዛለች።

"ዝጋና ውጣ። የአንተ ተራ ነው።"

"የምን ተራ?"

"የሁለተኛው ልክ። አንደኛው አልቋል፤ እሱ ብቻዬን ዕቃ ጭኜ ስሄድ የሚሆነው ነው። ልጁ እንደሆነ ክብደቱ ከሁለት ሻንጣ አይበልጥም። ሁለተኛው አንተ ከኋላ ሆነህ ተራራውን ስንወጣ የሚሆነው ነው። እሱን በሌላ ሰው መለካት አይቻልም። ላፕቶፑ ራሱ ይመዘግባል፤ አንተ መያዝ ብቻ ነው።"

"እኔም... እሄዳለሁ እንዴ?"

"ታዲያ ባህሩን ከማን ጋር ላየው ኖሯል?" አለች፤ ድምጿ ከፍ አለ። "እግርህን ያቃጠለህ ቀን አይደለም ወይ ሳጥን ፍለጋ የጀመርኩት? አንተ ግን አንድ ልክ ብቻ የምትይዘውን ግዢ ብለህ አላስቀምጥ አልከኝ። እኔን ብቻሽን ሂጂ እያልክ መሰለኝ።"

ወንበር ሰፊው ክው አለ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው ዓይኑ መቀመጫው ላይ አረፈና እጁ ባለበት ቀረ።

"ቆይ፣ መቀመጫውን አንዴ ላስተካክለው" አለ።

"ምን ሆነ? አንተ የሰፋኸው አይደል?"

ሄልሜቱን አጠለቀና ወጣ።

ሞተር ሳይክሏ እንደ ድሮዋ አይደለችም። አላሳለችም፤ ባቱን የነካው ብረትም አልለበለበውም። ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣችው። ሚስቱ ከፊቱ አለች፤ ስንት ቀን በቅናት የተመኘው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ከሥር ግን ያ የቆዳ ጥቅል በየጉድጓዱ ነፍሱን ያወጣዋል። ወደ ግራ ሲሸሽ ይከተለዋል፤ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ይጠብቀዋል። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ጥርሱን ነከሰ። ሚስቱ አንድም ጉድጓድ እንዳላለፋት የታዘበው ዘግይቶ ነው።

ተራራው አናት ላይ ቆመች። እንደምንም ተንፏቆ ወረደ።

"ምነው? አመመህ?"

"ምንም አልሆንኩም።"

ሄልሜቷን አወለቀች። "ልጁ ትላንት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'አትቀየሚኝና፣ ጋሼ ሙያ የላቸውም' አለኝ።"

ወንበር ሰፊው ሕመሙን ረሳው። "እኔ? ሙያ የለኝም? የዚህን ከተማ መኪና ግማሹን ያለበስኩት ሰውዬ! አንቺስ ምን አልሽው?"

"ስፌቱን አየሁት" አለች። "አንድ መርፌ አልሳትክም። ተሳስተህ የሠራኸው እንዳልሆነ ገባኝ። እና ምን ልበለው? ባሌ በአንተ ቀንቶ ነው ልበለው? ወይስ ሙያ የለውም ልበለው?"

ከሩቅ፣ ከተራራው ማዶ፣ ባህሩ እንደ ቀጭን ክር ይታያል።

"ምን አልሽው?" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

"'እውነትህን ነው፣ ድሮም እጁ እንዲህ ነው' አልኩት።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሕመሙ ይሁን ከነገሩ እሱም አላወቀው። ኪሱ ውስጥ ትንሽ መቀስ ነበረችና አወጣት። ስፌቱን ልፍታው ወይ እንደማለት መቀመጫውንና ሚስቱን እያፈራረቀ አየ።

"ቤት ስንደርስ ትፈታዋለህ" አለች፣ ሄልሜቷን እያጠለቀች። "አሁን ውጣ። መመለሻውን በኮረኮንቹ ነው የምንሄደው።"