የቡድራም ሰማያዊ እሳት

ከኔ ደጃፍ እስከ ቡድራም ደጃፍ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። የለካሁት ባዮጋዝ፣ ከእበት የሚወጣውን የማብሰያ ጋዝ፣ ካስገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያስለካ ነገር አልነበረውም።

እኔ በመንደራችን ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ መምህር ነኝ። ስለ ጭስ፣ ስለ ደን፣ ስለ እበት ጋዝ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። እበቱ ጋዝ የሚሆንበትን ጉድጓድ ሥዕል በቀለም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እበቱ ቡናማ፣ ጋዙ ሰማያዊ። ልጆቹ ሥዕሉን በቃላቸው ይዘውታል። ወላጆቻቸው ግን “በእበት የበሰለ ሩዝ ይሸታል” ብለው ከራፕቲ ወንዝ ማዶ እንጨት ለቀማ ይሄዳሉ። አውራሪስ ያባርራቸዋል፤ እንጨቱን ጥለው ይሮጣሉ፤ በማግስቱ ይመለሳሉ።

እኔም ቤት የሚነደው እንጨት ነው። እናቴ ለአማልክት የሚቀርብ ምግብ ከጉድጓድ በወጣ ነገር አይበስልም ስላሉ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

ቡድራም ማንበብ አይችልም። ሁለት የሚታለቡ ጎሾች አሉት። አንድ ቀን መጥቶ የባዮጋዝ ማመልከቻ እንድሞላለት ለመነኝ፤ ሞላሁለት። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“መምህር፣ ‘ከሽንት ቤት ጋር የተያያዘ’ የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉልኝ። የሁለት ጎሽ እበት አይበቃም አሉኝ። ግን ይቺ ነገር በእርስዎና በእኔ መሃል ትሁን።”

“በእኔና በአንተ መሃል” አልኩት።

ጉድጓዱ ከተሠራለት ወዲህ ሰላም አላየሁም። ሚስቱ ሱክኒ ክብሪት ስትጭር ሰማያዊው እሳት ፉፍ ብሎ ይነዳል፤ ሴቶቹ “እዪው! እዪው!” ይላሉ፤ ጥላሸት የሌለበት ድስት እየተቀባበሉ እንደ ሕፃን ያገላብጡታል። ከወረዳ እንግዶች መጥተው ፎቶ አነሱት። በፈተና ላይ “ባዮጋዝ ከየት ይገኛል?” ብዬ ብጠይቅ አንዲት ተማሪ “ከቡድራም ቤት” ብላ ጻፈች። ዜሮ ሰጠኋት።

ከዚያ ወረዳው በዙሪያችን ላሉት አሥር መንደሮች ስለ ባዮጋዝ የሚያስተምር አንድ ሰው ከመንደራችን ይመረጥ አለ። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ። ከእኔ ሌላ ማን ነበረና?

የእናቶች ማኅበር ቅዳሜ ጧት ተሰበሰበ፤ የት ቢሉ፣ ቡድራም ግቢ። ሊቀመንበሯ ዲልኩማሪ፣ ሁላችን ዲዲ፣ ታላቅ እህት፣ የምንላት፣ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች።

“መምህራችን ሥዕሉን ያውቀዋል። ቡድራም ጉድጓዱን ያውቀዋል። ማንን እንላክ?”

“ሥዕል ላይ ሻይ አይፈላም!” አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ።

“ቡድራም ይሂዳ!” አሉ።

ተነሣሁ። “ይሂድ” አልኩ። “ግን የሚያስተምር ሰው ሁሉንም ይናገራል። እጃችሁ ላይ ያለው ሻይ የፈላበት ጋዝ ከጎሽ ብቻ የመጣ አይደለም። ከሽንት ቤታቸውም ነው። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ።”

ብርጭቆዎቹ አየር ላይ ቆሙ። ከኋላ የነበረችው ሴት የጠጣችውን ግቢው ውስጥ ያለ አበባ ሥር ተፋች። ቡድራም ማንንም አላየም፤ እኔን ብቻ አየኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው የኩሽናው በር እስኪከፈት ነው።

እናቴ ወጡ። በእጃቸው ብርጭቆ ይዘዋል።

“እማዬ! እዚህ ምን ይሠራሉ?”

“ሻይ እጠጣለሁ። ምን እሠራለሁ?”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከክረምቱ በፊት ጀምሮ። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ እመጣለሁ። ዓይኔ ሲሻለው ‘የገዛሁልዎ ጠብታ ሠራ’ እያልክ ታወራ አልነበር? ዝም አልኩህ፤ ቅር እንዳይልህ።”

“እማዬ፣ ጋዙ እኮ ከ…”

“አውቃለሁ። ሱክኒ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ሦስት ቀን አኩርፌ ቀረሁ። በአራተኛው የገዛ ምድጃችን ጭስ ገፍቶ አወጣኝ።” ከብርጭቆው ፉት አሉ። “የአማልክቱን ምግብ በእንጨት አበስላለሁ። ሻይ ግን አማልክቱ ጠይቀውኝ አያውቁም።”

ዲልኩማሪ እናቴን አየች፣ ብርጭቆዋን አየች፣ ጨለጠችው። “እማማ ከጠጡ እኔ ማን ነኝ?”

አበባው ሥር የተፋችው ሴት ብርጭቆዋን ለሱክኒ ዘረጋች። “ለኔ ስኳር ጨምሪበት። የቅድሙ አልጣፈጠኝም።”

ለቡድራም እጅ ወጣ። የእናቴም ወጣ። የቀረው የኔ ብቻ መሆኑን ሳይ እኔም አወጣሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ “እኛም ቤት ይቆፈር” አሉ። “አንተ ታውቅበት የለ?”

ተቆፈረ፤ ተገነባ። የጎሾቻችንን እበትና ውኃውን ልክ እንደ ሥዕሉ፣ እኩል በእኩል፣ ቀላቅዬ ከተትኩ። በወሩ ክብሪት ጫርኩ። ምንም የለም። ሌላ ሳምንት ጠበቅኩ። ክብሪቱ ብቻ ነደደ።

“ጥራው” አሉ እናቴ።

“አሥር መንደር ይዞራል፤ ጊዜ የለውም።”

“እንግዲያው እኔ ልጥራው?”

ጠራሁት። ቅዳሜን ያነሳብኛል ብዬ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። አላነሳም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ እበቱ ውስጥ ከተተ።

“ወፍሯል፣ መምህር። በበጋ የጎሽ እበት ይደርቃል፤ ውኃ ይፈልጋል።”

“ሥዕሉ ላይ እኩል ነው የሚለው።”

“እሱስ ልክ ነው። ሥዕሉ የተሣለው በክረምት ይሆናል።” የማማሰያውን እንጨት አቀበለኝ። “እስቲ ያማስሉት።”

አማሰልኩ።

“ቀስ ብለው። ከታች ወደ ላይ። አዎ፣ እንደሱ። አረፋውን ይዩት፣ ሲፈነዳ… አዩት?”

አየሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ እኔ እሱን እንደሰማሁት ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ቡድራም ጥሩ አድርጎ ያስተምራል። ይህን ባላውቅ በወደድኩ ነበር።